የአዴ ከዲጃ ዓሣዎች

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ። ከእህቴ ጋር ተኳርፌ ሁለት ፋሲካ ማሳለፌንም ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለባሌም አልነገርኩም፤ ለልጆቼም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣ ነገር ስለሆነ ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅም። እንግዲያው ከሥራዬ ልጀምር፦ አንዲት እናት አምነውኝ የተናገሩትን ቃል እኔ ለውጬ አስተላለፍኩ። ያደረግሁት ይህንን ነው። ሳላውቅ አይደለም፤ ተገድጄም አይደለም። እያወቅሁ አደረግሁት።

አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀረ። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሲገቡ እኔ አሰላ ቀረሁ። ሰው «አስካለ፣ አንቺስ መቼ ነው?» ሲለኝ መንገድ እቀይር ነበር። በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ እንግሊዝኛም ኦሮምኛም የምትችል ረዳት ፈልጎ ቀጠረኝ። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ነው ያወቅሁት። አለቃዬ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ሁላችንም ዶክተር እንለው ነበር። ሥራው ዓሣ ማርባት ነበር።

የሚበላ ዓሣ እንዳይመስላችሁ። ከጣት አንጓ ብዙም የማይበልጥ፣ ግራጫ፣ ዓይኑ ብቻ ጎላ ያለ ትንሽ ዓሣ ነው። ጥቅሙ የወባ ትንኝ ውሃ ላይ ከምትጥለው እንቁላል የሚፈለፈለውን ዕጭ ለቅሞ መብላቱ ነው። ዶክተሩ ጥቂቶቹን በአውሮፕላን አስመጥቶ፣ መብራት ባለበት አሰላ አራብቶ፣ ቆላ ባሉት ኩሬዎች ሊለቃቸው አስቦ ነበር። እንደ ሌላው ዓሣ እንቁላል አይጥሉም። እንደ እኛ አርግዘው ይወልዳሉ። ይህን ሲነግረኝ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሦስት የመስታወት ገንዳ ነበረን። ዶክተሩ የሁለት ወር ዕረፍት ሊወጣ ሲል ሁሉንም አሳየኝ፤ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ አምፖሉ ሁልጊዜ ይብራ፣ የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን ሳያድር አይጨመር፣ ምግቡ ቁንጥር ብቻ ይሁን። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። ስመለስ ጫጩቶቹ በርክተው ካገኘሁ ለአንድ ዓመት ትምህርት ውጭ አገር የምትሄጂው አንቺ ነሽ አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ አልቀየርኩም።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዳ አንዱን ገደልኩት። የራባቸው እየመሰለኝ የእንቁላል አስኳል አብዝቼ እበትንላቸው ነበር። የተረፈው ታች ተኝቶ ሸተተ፤ ውሃው እንደ ሊጥ ውሃ ደፈረሰ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ምግብ የለመኑኝ መስሎኝ ደግሞ ጨመርኩላቸው። አየር አጥሯቸው ነበር። ጠዋት ስገባ ሁሉም በጎናቸው ተንሳፍፈዋል።

በሁለተኛው ገንዳ አንዷ ወለደች። የዓይን ሽፋሽፍት የሚያክሉ ጫጩቶች፣ ሃያ ያህል፣ ጠዋት አየሁ። ቀትር ላይ አንድም የለም። ሌላዋም ወለደች፤ የእሷም ጠፉ። ሞተው የሚሟሙ መሰለኝ። እህል አልወርድ አለኝ። የቀን መቁጠሪያውን ባየሁ ቁጥር ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ሲገባ ይታየኝ ነበር።

ክፍሉን የሚያጸዱት አዴ ከዲጃ ነበሩ። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ቆላ ካለችው ከኦጎልቾ ከተማ በታች ከሚገኝ መንደር መጥተው ዘመድ ቤት ተጠግተው በቀን ሠራተኛነት የሚሠሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። አማርኛ ብዙም አይችሉም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ስብሰለሰል እሳቸው መጥረጊያቸውን ተደግፈው ገንዳው ፊት ይቆሙ ነበር። የሚያርፉ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያዩ ነበር።

አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «እናትየው ናት የምትበላቸው» አሉኝ። አላመንኩም። ቆመን አየን። እናትየው ዞር አለችና የወለደችውን ዋጥ አደረገችው።

አዴ ከዲጃ በማግሥቱ ከወንዝ ዳር የውሃ ሣር ነቅለው፣ አጥበው፣ በቅርጫት ይዘው መጡ። ገንዳው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው አስቀመጡት። ጫጩቶቹ ሥሩ ሥር ተሸሸጉ፤ ትልልቆቹ መግባት አቃታቸው። ቀጥሎ እርጉዟን ለይተው አሳዩኝ፤ ሆዷ አብጦ ማዕዘን ያለው ሲመስልና ከሆዷ ኋላ ያለው ጥቁር ምልክት ሲሰፋ መውለጃዋ ደርሷል። ለብቻዋ በመስታወት ዕቃ ያስቀምጧታል፤ ስትጨርስ ያወጧታል። መብራት ሲጠፋ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ሞልተው ገንዳው ውስጥ ያቆማሉ፣ በጋቢያቸው ይሸፍኑታል። ይህን ሁሉ ማን አስተማራቸው? ማንም። በጎች ሲወልዱ፣ ላሞች ሲወልዱ ያዩ ሰው ነበሩ።

እኔስ ምን አደረግሁ? እኔ መዝገብ ያዝኩ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «እናቶቹ ጫጩቶቹን እንደሚበሉ ተመለከትኩ» ብዬ ጻፍኩ። «የውሃ ሣር እንዲመጣ አደረግሁ» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ «ተመለከትን» ብዬ ነበር። ኋላ ሰርዤ «ተመለከትኩ» አልኩ። ስሰርዝ እሳቸው አጠገቤ ወለሉን ይወለውሉ ነበር።

ዶክተሩ ሲመለስ ሁለቱ ገንዳዎች በጫጩት ተሞልተው ነበር፤ ባዶውንም አጥበን ሞልተነዋል። መዝገቡን ወስዶ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። አዴ ከዲጃ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ሣሩን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ወደ ውሃው ሲሰዱ ዶክተሩ አያቸው። አያያዛቸው የገረመው ይመስለኛል። ወደ እኔ ዞረና፣ ሣሩን ለምን እንዳመጡት ጠይቂልኝ አለኝ።

ጠየቅኋቸው። አዴ ከዲጃ ደስ አላቸው። እስከዚያ ቀን ማንም በዚያ ቤት ጠይቋቸው አያውቅም። እናቶቹን እንዴት እንዳዩ፣ ሣሩን ከየት እንደነቀሉ፣ እርጉዟን በምን እንደሚለዩ እጃቸውን እያወናጨፉ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ንገሪልኝ ልጄ። እኛ መንደር አንድ ኩሬ አለ። ዝናብ ባቆመ ቁጥር ልጆቻችን በወባ ያልቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ዓሣዎች ለእኛ ኩሬ ይስጠኝ። አያያዛቸውን አውቃለሁ፤ አንድም አይሞትብኝም። ለምኚልኝ።»

ዶክተሩ ይጠብቀኛል። አዴ ከዲጃ ይጠብቁኛል። ሁለቱም የሚያዩት አፌን ነው። ልመናቸውን ብነግረው አያያዙን እንዴት አወቁ ይለኛል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ከዚያ መዝገቡ ይገለጣል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ ተሳስቼ ከአፌ አመለጠኝ አልልም፤ ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበረኝ።

«ሣሩን ያመጡት እኔ አዝዣቸው እንደሆነ ይናገራሉ» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ደግሞ ቤተሰብ ለመጠየቅ የሁለት ቀን ፈቃድ ይለምናሉ።»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወደ አዴ ከዲጃ ራሱን ነቀነቀ። ይሁን፣ ደስ ይለኛል እንደማለት። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መረቁት። ከዚያ እኔን መረቁኝ። እኔ ቆሜ ተመረቅሁ።

የሁለት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶዎታል ስላቸው ኩሬውን እንዲያዘጋጁ መስሏቸው በዚያው ቀን ሄዱ። መንደሩን ሰብስበው ዓሣ ይመጣል አሉ። ከብት ገብቶ እንዳያደፈርሰው ወንዱም ሴቱም ወጥቶ ኩሬውን በእሾህ አጠረው። ይህን ሲመለሱ በደስታ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። መቼ ነው የምንወስደው አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጠየቁኝ። መኪና የለም አልኳቸው። በየጠዋቱ ከሩቅ ሳያቸው አዲስ ውሸት አዘጋጅ ነበር።

ዶክተሩ ካርታ አይቶ በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ዴራ በኩል፣ አንድ ኩሬ መረጠ። ዓሣዎቹ በበርሜል ሲጫኑ አዴ ከዲጃ ነጠላቸውን አሥረው ለመንገድ ተዘጋጅተው ቆመው አገኘኋቸው። ወደ ኦጎልቾ የምንሄድ መስሏቸው ነበር። ወደ ጎን ወሰድኳቸውና ዶክተሩ ሐሳቡን ቀይሯል አልኳቸው። ፊታቸውን እስከዛሬ አየዋለሁ። አልጮሁም፤ አላለቀሱም።

«ራሱን ነቅንቆልኝ ነበር እኮ» አሉ ብቻ።

ከዚያ ውሃው እንዳይፈስ የበርሜሉን አፍ በጨርቅ ሸፍነው አሰሩልኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ አላየሁም።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ለአምስት ቀን ከሥራ ቀሩ። የልጃቸው ልጅ፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ፣ በወባ ሞታባቸው ነው። ለቅሶ ሄድኩ። አስቡት፤ እኔ ለቅሶ ሄድኩ። የታጠረውን ኩሬ በመንገዴ አየሁት። ዓሣዎቹ ቢገቡበት ኖሮ ልጅቷ ትድን ነበር? አላውቅም። ጥቂት ዓሣ በአንድ ክረምት ስንት ዕጭ ይበላል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት እንደ ጥላ ይዤው ዞርኩ። ዛሬ አልጠለልበትም። ልጅቷ በሌላ ምክንያት ሞታ ብትሆንም እኔ የሠራሁት ያው ነው።

እኔ ውጭ አገር ሄድኩ። ስመለስ አብዮቱ ፈንድቶ፣ ዶክተሩ አገሩ ገብቶ፣ ገንዳዎቹ ደርቀው ጠበቁኝ። አዴ ከዲጃ ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል አሉኝ። መንደራቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አልሄድኩም። በተማርኩት ሥራ አገኘሁ፤ ደረጃም አገኘሁ፤ ሰው ስለ ዓሣ ሲጠይቀኝ እርጉዟ በምን እንደምትለይ አስረዳ ነበር። ሲገረሙ ከማን እንደተማርኩት አልናገርም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋቸው። ብዙ ዓመት አልፎ ነው፣ አሰላ ገበያ። ዓይናቸው ደክሟል፣ አንዲት ልጃገረድ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ትመራቸው ነበር። ስሜን ስነግራቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ተንበርክኬ ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሳቸው ቀደሙኝ። ወደምትመራቸው ልጅ ዞረው አስተዋወቁኝ።

«ይቺ አስካለ ናት። ለኩሬያችን የለመነችልን። ፈረንጁ ነው የከለከለን እንጂ እሷስ ተናግራልን ነበር። አላህ ዕድሜ ይስጣት» አሉ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

ያኔ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት ስዋሽ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ የፈራሁት ብዙ ነበር። ገበያው ላይ ግን ምን ፈራሁ? የሚወሰድብኝ አልነበረም። የሚወዱኝን ሴት እንዳይጠሉኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ለዚህ ብዬ የእኔን በደል በሌላ ሰው ላይ እንደተጫነ ተውኩት፤ ምርቃታቸውንም ለሁለተኛ ጊዜ ሰረቅሁ። ከመጀመሪያው የከፋው ይህ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እናንተ ልትሰጡኝ የምትችሉት ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አልለምናችሁም። የምፈልገው ያቺ ልጃገረድ በሕይወት ካለች፣ ይህም እጇ ከገባ፣ አያቷ ከልብ አምነው የነገሯትን እንድታርመው ነው። ዓሣዎቹን ያሳደጉት አዴ ከዲጃ ናቸው። ዶክተሩ አልከለከላቸውም፤ ልመናቸው ጆሮው አልደረሰም። አፋቸው እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኩላቸውም።