ያልተመለሰችው ኳስ

ፈሪ ነኝ። እንጀራዬም ፍርሃት ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ጭነት ድልደላ ላይ ነው የምሠራው፤ አንድ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ስንት ሰው፣ ስንት ሻንጣ፣ ስንት ካርቶን አበባ እንደያዘና ክብደቱ የት ጋ እንዳረፈ አስልቼ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብሳል፣ ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል። በእንዲህ ያለ ቀን ጭነት አስቀንሳለሁ። አበባ ላኪዎቹ «ቀናሿ ገባች» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ወሎ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ እንኳ አውሮፕላን ሲነሳ ከሰማሁ ድምፁ እስኪርቅ የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ።

እንዲህ ያለች ሴት ጎልፍ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች ቢባል፣ ጥፋቱ የሥልጠና ነው። መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ዓመት ባሕር ጠርዝ ላይ ወዳለች ሞቃት የውጭ ከተማ ላከኝ። አብረውኝ የሚሠለጥኑት በእረፍት ቀናቸው ጎልፍ ይጫወቱ ነበር፤ ብቻዬን ከምቀር ብዬ ተከተልኳቸው። መጀመሪያ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ትልልቅ ሰዎች እንቁላል የምታህል ኳስ በዱላ መትተው፣ ሲፈልጓት ይውላሉ። በሦስተኛው ሳምንት የራሴን ዱላ ገዝቼ ነበር።

ኳሴ ግን ዐመል ነበራት። በረጅሙ ዱላ በመታኋት ቁጥር በጎ ሰው መስላ ትነሳና መሐል መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ጥምዝዝ ብላ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። የዚያ አገር አሠልጣኝ ዐመሏን ሊያስተዋት አልሞከረም። «አትታገያት፣ ተጠቀሚባት» አለኝ፤ ከዚያም አሸዋ ላይ በጣቱ ሥሎ አስረዳኝ። ኳስ ስትነሳ የምትሄደው የዱላው ፊት ወዳየበት ነው። በኋላ የምትታጠፈው ግን የዱላው ፊትና ዱላው የተወነጨፈበት መንገድ ስላልተስማሙ ነው። ዱላው ወደ ግራ እየቆረጠ ሲያልፍ ፊቱ ከዚያ መንገድ ትንሽ ወደ ቀኝ ካየ፣ ኳሷ እየተሽከረከረች ግራ ትወጣና ቀስ ብላ ወደ መሐል ትመለሳለች። ይህን ፌድ ይሉታል። ተቃራኒው፣ ቀኝ ወጥቶ ወደ ግራ የሚመለሰው፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ድሮው» ይባላል።

«ድሮው» የደፋሮች ነው። መሬት ሲነካ ይሮጣል፤ ካመለጠ ደግሞ የሚይዘው የለም። ፌድ ግን እንደ እኔ ላለ ፈሪ የተሠራ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ካረፈበት ብዙም አይርቅም። እኔ የግራውን ጫፍ አይቼ እመታለሁ፤ ኳሷ ከሜዳ የወጣች ትመስላለች፤ ከዚያ መሽቶበት እናቱ ትዝ እንዳለችው ልጅ ታጥፋ መሐል ትገባለች። ያንን መመለስ እንዴት እንደምወደው! በሕይወቴ አምኜ የለቀቅሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አገሬ ስገባ ከኢምፔሪያል አለፍ ብሎ፣ ከገርጂ ጀርባ፣ አንድ የመለማመጃ ሜዳ አገኘሁ። ሜዳ ከተባለ ነው። መምቻ ምንጣፎች፣ ቆርቆሮ ጥላ፣ ጫፉ ላይ የተዘረጋ መረብ፣ በግራ በኩል የባሕር ዛፍ ረድፍ፤ ሌላ ምንም የለውም። ከባሕር ዛፉ ጀርባ የእግር መንገድ ያልፋል፤ ከመንገዱ ማዶ የሕንፃ ግንባታ በቆርቆሮ ታጥሯል። የባሕር ዛፉ ረድፍ ከማለቁ በፊት አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ መንገዱ እዚያ ጋ ይታጠፋል። በአቅራቢያው ካለው ኮንዶሚኒየም ለሚመጡ ሰዎች የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲሄዱ ብቅ የሚለው፣ ሲመለሱም የሚሰወረው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ የሚያልፍ ሁሉ ይቆምና ያማትባል፤ ያልቸኮለው መሬት ድረስ ይሰግዳል።

ሜዳውን የሚጠብቁትና የሚያሠለጥኑት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መታጠፊያው ላይ ሰው ከቆመ ጋሼ ኮፍያቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዱላውን መሬት ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። «ጸሎት ላይ ናቸው» ይላሉ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ርቀት የሚሰማቸው ይመስል። አንዳንዱ ተጫዋች ይነጫነጫል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ተአምር አየሁ። ኳሴ መጠምዘዝ ቀነሰች። በፊት ከምትደርስበትም ርቃ መድረስ ጀመረች። ጎበዝኩ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋሼ ግን አንድ ቀን አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር ኳስ እንደዚያ አገር አይመለስም። ግራ ግራውን ማየት ትተሽ ወደ መሐል ነይ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ የኔዋን አውቃታለሁ» አልኳቸው፤ የተማረ ሰው ፈገግታ ፈገግ ብዬ።

ሳስታውሰው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። በየቀኑ አየሩ ስስ ነው እያልኩ አበባ የማስቀር ሴት! ክንፉን የሚደግፈውና ኳሷን የሚያጥፈው ያው አንድ አየር መሆኑን ለማወቅ ከኔ የቀረበ ማን ነበር? አየሩ ሲሳሳ ኳሷ የምትደገፍበት አጥታ ቀጥ ብላ ነጎደች፤ እኔ ሙያ ጨመርኩ ብዬ ተኩራራሁ። ቢሮ የማውቀውን ሜዳ ላይ ረሳሁት። ጋሼ ያለ ምንም ስሌት፣ በዓይናቸው ብቻ ያውቁት ነበር።

ቀኑ ረቡዕ ነው፣ የሥራ ፈረቃዬ እረፍት። በጋ ነበር፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሼ ጥላው ስር ጀርባቸውን ሰጥተው የዱላ እጀታ ይጠግናሉ። መንገዱን አየሁ፤ ማንም የለም። ኳሷን ማስቀመጫዋ ትንሽ እንጨት ላይ አስቀመጥኩ፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ አየሁ፣ መታሁ።

እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ድምፁ ራሱ ደስ ይላል። ኳሷ በግራ በኩል ወጣች፣ ከፍ አለች፣ እኔም እንደ ልማዴ መታጠፏን ጠበቅሁ። «በይ ተመለሺ» አልኳት፣ ድምፄን አውጥቼ። አልተመለሰችም። በዚያችው ቅጽበት ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወጥተው መታጠፊያው ላይ ቆሙ።

መጮህ ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። ጋቢው መሬት ላይ ወደቀ፤ ወዲያው ቆርቆሮ «ጓ!» ሲል ሰማሁ። ነጩ ጋቢ መሬት ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

የመጀመሪያ ሐሳቤን እዚህ መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላውን መጻፌ ዋጋ የለውም። ስለ ሰውዬው አልነበረም። «ማን አየኝ?» የሚል ነበር። ዞር ብዬ ጋሼን አየሁ፤ ገና ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው። ዱላውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ብወጣ ማንም አያውቅም። ይህን አሰብኩ። ምናልባት ለሁለት ትንፋሽ ያህል ብቻ፣ ግን አሰብኩት። ከዚያ «ጋሼ! ሰው መታሁ!» ብዬ ጮህኩና መሮጥ ጀመርኩ።

ያ ሜዳ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እየሮጥኩ ፖሊስ ጣቢያው ታየኝ፣ ልቅሶ የተቀመጡ ልጆቻቸው ታዩኝ፣ «ምን ስትሠራ ነው የገደለችው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታየኝ፤ «ኳስ ስትጫወት» የሚል መልስም ሰማሁ። ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እመቤቴ፣ እባክሽ፣ እባክሽ እያልኩ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ጸሎት አልመጣልኝም።

በባሕር ዛፎቹ መሐል ሾልኬ መንገዱ ላይ ስወጣ አዛውንቱ ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገው ተደፍተዋል። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። መቅረብ ፈራሁ። ደም ለማየት ፈራሁ። ያኔ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ጉልላቱ አማተቡ፣ ደግመውም ሰገዱ።

ሲሰግዱ ነበር። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው፤ ልቅሶም አይባል፣ ጩኸት ነው። ደንግጠው ዞሩ። ሻሿ የወለቀ፣ ጉልበቷ አፈር የሆነ ሴት መንገድ ላይ ስትጮህ ሲያዩ፣ ማንም አባት የሚጠይቀውን ጠየቁኝ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?»

«እርስዎ» አልኳቸው።

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ያበድኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። በእጄ ቆርቆሮውን አሳየኋቸው። አዲስ ጎድጓዳ ነበረበት፣ ቀለሙ ተልጦ ያበራል፤ ኳሷም ከሥሩ ሣር ላይ ተቀምጣለች። ድምፁን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሰማሁ፤ የግንባታው ሰዎች ሁልጊዜ ይደበድባሉ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ አጥሩ ተጠግተው ቆሙ። ጎድጓዳው ልክ ግንባራቸው ላይ መጣ። ጣታቸውን አስገብተው ነኩት፣ ቀጥለው ግንባራቸውን ነኩ።

እኔን ሲያርገፈግፈኝ የነበረው ፍርሃት እሳቸው ላይ ሲገባ አየሁት። ከንፈራቸው ነጣ። ደግፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ እጃቸውን ያዝኩ። ጋሼ እያለከለኩ ደርሰው ውሃ አቀረቡ፤ ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩ። «ልጆችዎ ጋ ልደውል፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ እነግራቸዋለሁ።»

አዛውንቱ እጄን ጨበጥ አደረጉት። ከቅድሙ የባሰ የፈሩት አሁን ነው።

«ለልጆቼ እንዳትነግሪ፣ በማርያም!» አሉኝ። «ክረምት ተንሸራትቼ ከወደቅሁ ወዲህ ብቻህን አትውጣ እያሉ ናቸው። ይህን ከሰሙ ቤት ይዘጉብኛል። በእግሬ የምደርስበት የቀረኝ ይሄ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱንም አታስወስጂብኝ።»

አልነግርም አልኩ። ለእሳቸው ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ደረቴ ቀለል እንዳለው ደብቄ ምን ይፈይድልኛል?

ክንዳቸውን ይዤ እስከ ኮንዶሚኒየሙ አደረስኳቸው። ጉድባ ሲያጋጥመን «ቀስ» እላለሁ፤ እሳቸውም «እሺ» ይላሉ። ደረጃው ሥር በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ስልክ ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ልጃቸው ናት። ከሩቅ ስታየን ሮጣ መጣች።

«አባዬ! ዘገየህ እኮ! ማን ናት?»

«መንገድ ላይ ያገኘኋት ልጅ ናት» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደኔ ሳያዞሩ። «ፀሐዩ ከበደኝና ደግፋ አመጣችኝ።»

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። የፈሪ ዓይን ነው፤ አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለችኝ። «ብቻውን ሲወጣ እስኪገባ ድረስ ነፍሴ አትመለስም። አንድ ቀን መንገድ ላይ የሆነ ነገር አግኝቶት የሚደርስለት ሰው ያጣ ይሆን እያልኩ ስሞት ነው የምውለው። አንቺን ነው እግዜር የላከለት።»

አባቷ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ያኔ መናገር እችል ነበር።

«አሜን» አልኳት።

አቅፋ ሦስት ጊዜ ሳመችኝና አባቷን ይዛ ደረጃውን ወጣች።