የሸክላ ማጫወቻዬና የእትዬ አስካለች ራስጌ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ብርጋ በሬን ሲያንኳኩ ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር...

ጋሽ ብርጋ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጭቃ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ ሁለት ቤት... እነሱ ጋ ቃሪያ ሲጠበስ እኔ ነኝ የማስነጥሰው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለች ወገባቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ከግድግዳው በዚህ በኩል የእኔ ስፒከር፣ በዚያ በኩል የእሳቸው ራስጌ ነው።

እኔ ደግሞ የሸክላ ሙዚቃ ሱሰኛ ነኝ። ሌላው ለፊቱ ክሬም ሲገዛ እኔ ለማጫወቻዬ መርፌ እገዛለሁ። ከሥራ ስገባ በየማታው አንድ ሁለት ሸክላ ሳላዳምጥ ራት አይበላልኝም።

ሰሞኑን ባሰብኝ። ለማጫወቻዬ አዲስ መርፌ አስገባሁለት። እምነበረድ ከሚቆርጡ ሰዎች ቁራጭ ለምኜ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ አስተካከልኩት። «ምን ልትገነቢ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ የሚመክሩትን አደረግኩ። ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅኩና ከሥራቸው ወፍራም ጎማ አስቀመጥኩ።

ምን ልበላችሁ... ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል! ያ የሚያጓራው ቤዝ ሥርዓት ያዘ። ድምፁን ዝቅ አድርጌም ሁሉም ነገር ጥርት ይላል። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ወደ እነ እትዬ አስካለች ቤት ምንም አለማለፉ ነው። የታመመ ሰው አሳረፍኩ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ለዚህ ነው ትናንት ጋሽ ብርጋን ሳይ ፈገግ ያልኩት።

«ይግቡ ጋሽ ብርጋ!»

አልገቡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ... ስለ ተክሌ የሰማሽው ነገር አለ? እውነቱን ንገሪኝ። ለእሷ አልነግራትም።»

ተክሌ የእትዬ አስካለች ታናሽ ወንድም ነው። አገር ቤት፣ ከእምድብር ወዲያ ይኖራል። መታመሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ያለፈ ግን ምንም አልሰማሁም። ማልኩላቸው።

«ታዲያ ለምንድን ነው ሙዚቃሽን ያጠፋሽው?»

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። እኛ ሰፈር ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት ሙዚቃ አይከፈትም። አምና የእትዬ አስካለች እናት ያረፉ ጊዜ እኔም ማጫወቻዬን ጨርቅ አልብሼ አርባቸው እስኪወጣ አልነካሁትም። ያጠፋሁት ወሬውን በሰማሁበት ማታ ነው። እትዬ አስካለች ግን የተረዱት በማግስቱ ጠዋት፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲገቡ ነው። መርዶ መቼም እንደዚያ ነው፤ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል።

ለካ እሳቸው ያቺን ማታ አልረሷትም።

«ስትገቢ ስትወጪ ኮቴሽን ትሰማለች፤ ሙዚቃ ግን የለም» አሉኝ ጋሽ ብርጋ። «ተክሌ ጋ ስንደውል ደሞ ኔትወርክ እምቢ አለ። ሆን ብለን የከለከልናት መስሏታል። እህል በአፏ አልዞረም። ጥቁር ልብሴን አውጡልኝ እያለች ነው። ኧረ እኔም ተጠራጠርኩ... ከእኔም ደብቀው ይሆናል ብዬ።»

ተከትያቸው ገባሁ። እትዬ አስካለች ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሯል። እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሌላው ይዋሸኝ... አንቺ እንኳ አትዋሺኝ። መቼ ነው የተቀበረው?»

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም! ስፒከሩን ነው ያራቅኩት... ድምፁ ጥርት እንዲል ብዬ...»

«እናቴ ያረፈች ጊዜም ደህና ናት ነው ያላችሁኝ።»

እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር መርዶ ሊነገር ሲል ደህና ነው ብሎ የማይምል ማን አለ? ስለ ጎማና ስለ እምነበረድ ባስረዳሁ ቁጥር ተማክረን ያመጣነው ውሸት እየመሰለ ሄደ። በሕይወት ላለ ሰው ሙሾ ሊያወርዱ ነው!

ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ጎማውን ጎትቼ ጣልኩ፣ ስፒከሩን ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩ፣ እጄ የገባችውን ሸክላ አስቀምጬ ድምፁን ለቀቅኩት። ያ የማውቀው ቤዝ አጓራ። ከኮርኒሱ አቧራ ረገፈ። የኢንተርኔት አዋቂዎቹ ቢሰሙኝ ያለቅሱ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ማዶ ለቅሶ ሰማሁ። ያባስኩባቸው መሰለኝ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ግድግዳው ተደበደበ።

«አታጥፊው!» የጋሽ ብርጋ ድምፅ ነው። «አመነች! ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው፣ አታጥፊው!»

ለካ በአፍ መዋሸት ይቻላል፤ ሐዘን ቤት አጠገብ ግን እንዲህ አስጩኾ ሙዚቃ መክፈት ማንም አይደፍርም። ያመኑት ለዚህ ነው።

ማታ ላይ ኔትወርኩ ተመልሶ ተክሌ ራሱ ደወለ። ድምፁ ደከም ያለ ቢሆንም እየተሻለው ነው። እትዬ አስካለችም ገንፎ በሉ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። ሙዚቃ የማዳምጠው ለራሴ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከግድግዳው ማዶ ያሉ ሴት ሰላም መሆኑን የሚያውቁት በእሱ ኖሯል። አንድ ቀን ደግሞ የእውነት ማጥፋት ይኖርብኛል... ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ከመድረሳቸው በፊት መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ያስፈራኛል።

ዛሬ ከሰዓት ሸክላው መሃል ላይ ድንገት መብራት ሄደ። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጥቼ ደጃቸው ላይ የጮህኩትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል... «እትዬ አስካለች! መብራት ነው! የሄደው መብራት ብቻ ነው!»