የጎሚስታው ትንሿ ጣት

ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይላቸው ነበር፤ ቀልድም አክብሮትም የተቀላቀለበት ስም ነው። ሥራቸው ጎሚስታ ነበር። ጎማ ይፈታሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ይነፋሉ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ጥለው ቤተሰብ ማስተዳደር ያዙ እንጂ፣ የትምህርት ፍቅሩስ አንድም ቀን ጥሏቸው አያውቅም። ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጀርባ የቆርቆሮ ሳጥን ነበራቸው፤ ውስጡ መጽሐፍ ብቻ። ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ጥንት ነገሥታት፣ የሕግ መጽሐፍ እንኳ ሳይቀር ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ። መጽሐፎቹ በሙሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታሉ። የቸኮለ ባለመኪና «አባባ፣ አላለቀም እንዴ?» ሲላቸው፣ «ጎማው አልቋል፤ ገጹ ነው የቀረኝ» ይሉታል።

ይህን ሁሉ የምታስታውሰው የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ ሥራ ስትውል እሷ የምትውለው ጎማ ላይ ተቀምጣ፣ እሳቸው ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰማች ነበር። ካደገች በኋላ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች።

ሥራ በያዘች ሰሞን የአያቷ ዓይን መድከም ጀመረ። መጽሐፉን ወደ መስኮት አስጠጉ፣ መነጽር ለወጡ፣ በመጨረሻም ደረጃ ስተው ወደቁ። ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደሚያሰጋ ነገራቸው። እሷ እንባዋ ግጥም አለ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ «ግፊት ሲሉኝ እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ በዓይን ውስጥ ስላለው ውሃ፣ መውጫው ሲዘጋ ስለሚሆነው ነገር አስረዳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ሳቅ አሉ።

«ይገርማል! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጎማ ስለካ፣ የራሴ ዓይን ከልክ በላይ ተነፍቶ ኖሯል!»

ወደ ቤት ሲመለሱ ግን እስከ በሩ ድረስ የልጅ ልጃቸውን ክንድ አጥብቀው ያዙ።

ብርሃናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ሱቁን ለወንድ ልጃቸው አስረክበው ቤት ዋሉ። ከሥራ ስትመለስ እሷ ታነብላቸዋለች። አንዳንድ ቀን ግን ድካም ያሸንፋታል።

«ልጄ፣ ዘለልሽ» አሏት አንድ ቀን።

«እንዴት አወቁ?»

«ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ገበያ ደረሰብኛ!»

እሷ በሐፍረት ስትስቅ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስታነቢልኝ ደስ ይለኛል። ግን መጽሐፍን ቆም ብዬ ካልተከራከርኩት፣ ወደ ኋላ ተመልሼ ካልፈተሽኩት፣ ያነበብኩ አይመስለኝም። ማየት የተሳናቸው በነጥብ ነው የሚያነቡት አይደል? የት ነው የሚያስተምሩት?» አሉ።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ?»

«ታዲያ በየትኛው ልማር? ሌላ ዕድሜ አስቀምጠሽልኛል?»

ብሬል የሚያስተምረው ወጣት እሱም ሲወለድ ጀምሮ ማየት የተሳነው ነበር። አያቷ ከመጀመሪያው ቀን አንስተው «አንቱ» ሲሉት ጨነቀው። «ኧረ አባባ፣ የልጅ ልጅዎ እሆናለሁ!» ቢልም፣ «አስተማሪ በዕድሜ አይለካም» ብለው ዘጉት።

ችግሩ ከእጃቸው መጣ። ብረትና ጎማ ሲጎትት የኖረ ጣት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ወረቀቱ ላይ የተበተኑትን ነጥቦች ቢዳብሱ ቢዳብሱ ባዶ ሜዳ ሆነባቸው። በሞቀ ውሃ ዘፈዘፉት፣ ቫዝሊን ቀቡት፤ ወይ ፍንክች። ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት የልጅ ልጃቸው ስትገባ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው።

«እነዚህ እጆች ልጆቼን አሳደጉልኝ፤ አሁን ደግሞ በሩን ዘጉብኝ» አሏት። አጠገባቸው ተቀመጠች።

በሳምንቱ፣ የልጅ ልጃቸው አብራቸው እያለች፣ ለመምህሩ አንድ ሐሳብ መጣለት። «እስቲ አስሩንም ጣት በየተራ እንፈትን» አለ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ሁሉም ወደቁ። የግራዋ ትንሿ ጣት ተራ ሲደርስ አያቷ ቀጥ አሉ።

«ቆይ... ሁለት ናቸው። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከጎን።»

መምህሩ ጣቷን ዳሰሳት። «ይቺ ምን ስትሠራ ኖራ ነው እንዲህ የለሰለሰችው?»

«ምንም! ወንድሞቿ ጎማ ሲፈቱ እሷ ዳር ቆማ የምታይ ሰነፍ ናት።»

«እንግዲህ ፊደል የቆጠረችው ሰነፏ ናት» አለ መምህሩ፤ ሦስቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ጣት እንደ ሙሽራ ያዟት። ሽንኩርት አያስነኳትም፣ ብርድ አያስመቷትም። ንባቡ እንደ ኤሊ ቢንፏቀቅም ይሄዳል። መጀመሪያ የተሰጣቸው የሕፃናት መጽሐፍ ስለ አንዲት ድመት ነበርና፣ «ድመቷ ምንም ቁም ነገር አልሠራችም» እያሉ ሲያጉረመርሙ እንኳ ፊታቸው ያበራ ነበር። አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ፣ ሁሉም ሻማ ፍለጋ ሲደናበር፣ እሳቸው ከጥግ ሆነው ጮክ ብለው ንባባቸውን ቀጠሉ። ሻማውን የሚፈልገው ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ አዳመጠ።

በአንዱ ቀን መምህሩ፣ «አባባ፣ ዓይናማው የሚጽፈው ፊደል ቅርጹ እንዴት ነው? ስሜን ሰዎች ይጽፉታል፤ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም» አላቸው። አያቷ ልጃቸውን አሮጌ የውስጥ ጎማ አስመጥተው፣ የልጅ ልጃቸው እየመራቻቸው ፊደል መቁረጥ ጀመሩ። የለመደ እጃቸው መቀሱን አልሳተም። እያንዳንዱን ፊደል፣ መጨረሻ ላይም ስሙን፣ ጣውላ ላይ በማስቲሽ ለጥፈው ወሰዱለት።

መምህሩ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። «መ መነጽር ይመስላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነት ነው ለካ!» አለ። ከዚያ ሙ ላይ ሲደርስ፣ «ይቺ ደግሞ ከጎኗ እጅ አወጣች?» ብሎ ጠየቀ። የራሱን ስም ሲያገኘው ደግሞ ደጋግሞ ዳሰሰው።

አያቷ በልብ ሕመም ሆስፒታል በገቡ ጊዜ፣ መዝጋቢዋ «ሥራዎ ምንድን ነው አባባ?» ስትላቸው «ተማሪ» አሉ። መዝጋቢዋ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ አልጋ አልተነሡም። ስለ ባሕር እንስሳት የሚያነቡትን መጽሐፍ ገና አጋምሰውት ነበር።

ከለቅሶው በኋላ የልጅ ልጃቸውን ይበልጥ የከበዳት የቤቱ ጸጥታ ነው። «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚል ሰው ጠፋ። ወደ ሥራ በተመለሰች ሰሞን አንድ ሽማግሌ የታዘዘላቸውን ኪኒን እያገላበጡ፣ «ልጄ፣ የሚያመኝ ጉልበቴን፣ ይሄ የሚገባው ሆዴ ውስጥ። መንገዱን በምን ያውቃል?» አሏት።

ከኋላቸው ሰልፉ ያጉረመርማል። እሷ ግን ወንበር አቀረበችላቸውና፣ ስለ ደም ሥር እያስረዳች አጠገባቸው ቆመች።