ቆሜ የተኛሁበት ሰርግ

ሰክሮ ነው የምትሉኝ፣ ዝም በሉ! ጠብታ ጠጅ ከንፈሬን አልነካም። እንቅልፍ ነው የጣለኝ፣ የሽፍት እንቅልፍ! እናንተ ማታ ማታ የምትተኙ ሰዎች ምን ታውቃላችሁ?

ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ፣ ክር ክፍል ነው የምሠራው። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ገላዬ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይመጣል። ሆዴ ራሱ ተምታቶበት ንጋት ላይ እራት፣ ማታ ቁርስ ይለኛል። ግን እንደኔ የሚችለው የለም!

ፋብሪካው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ አንኮበር የመሪጌታ ልጅ ሊያገባ ሆነ፤ አንደኛ ሚዜ እኔ። መሪጌታው መጀመሪያ ሽማግሌ ሲላክባቸው «ቀን ለሚተኛ ሰነፍ ልጄን አልድርም» ብለው፣ በስንት ልመና ነው እሺ ያሉት። ሙሽራው ፈርቷል።

«ወንድሜ፣ እሳቸው ፊት አንዳችን ብናዛጋ አለቀልን» አለኝ።

«እኔን ነው?» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

አላዛጋሁማ! ግን የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት የሙሽራውን ሽፍት ሸፍኜ፣ በዚያው የራሴን ሌሊት ደግሜ ነው የወጣሁት። ሊነጋ ሲል የተበጠሰ ክር የቋጠርኩ መስሎኝ የቱታዬን ክር ከማሽኑ ጋር ቋጥሬ፣ አለቃዬ በመቀስ ነው ያስለቀቀኝ።

ከዚያ በቀጥታ አንኮበር። ሴቶቹ በሩን ይዘው እየዘፈኑ አናስገባም ይላሉ፣ ሚዜዎቹ እንገፋለን። ከፊት ነኝ፤ ግንባሬን አስደግፌያለሁ። በሩን ፀሐይ መትቶት ሞቅ ብሏል... ደስ ይላል... ብርግድ አደረጉት!

መሪጌታው እግር ሥር ድፍት! ጉልበታቸውን አቅፌ ቀረሁ።

«ወይ ጨዋ! ጉልበት ሊስም እኮ ነው!» አለ ሰዉ።

«ይባርክህ፣ ተነሥ ልጄ» አሉ መሪጌታው።

አንኮራፋሁ።

የቀረውን የነገሩኝ ሌሎቹ ሚዜዎች ናቸው። ሙሽራው ላብ በላብ ሆኖ «አባታችን፣ ሁለት ሽፍት ሠርቶ ነው፤ አንዱ የኔ ነበር» አለ።

«ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው?» አሉ መሪጌታው።

«ቆሞ።»

«እኔስ ማኅሌት ቆሜ ባደርኩ ቁጥር ቀን እንዲህ አይደል የምሆነው? ይኼማ የኔ ቢጤ ነው! ሰነፍ ያልኩትን ይቅር ይበለኝ» ብለው ጋቢያቸውን ጣል አደረጉብኝ። ከዚያ ሙሽራውን አቅፈው ሳሙት።

ተኝቶ ሙሽራ ያስገባ ሚዜ ከኔ ሌላ ካለ አምጡ! አላምንም ያለ አንኮበር ወጥቶ በሩን የያዙትን ሴቶች ይጠይቅ፤ ሳቃቸውን ጨርሰው መመለስ ከቻሉ።