ሰውአገኝ ያልታየበት ጠዋት

ሰውአገኝ ፈሪ ነው። ይህን የምለው ልሰድበው ብዬ አይደለም፤ እሱም አይክድም። ባጃጅ ተሳፍሮ «ቀስ በል እንጂ» ሳይል የወረደበት ቀን የለም። ስልኩ ጎሕ ሲቀድ ከጠራ፣ ከማንሳቱ በፊት ፊቱ አመድ ይመስላል። ይኼኛው ፍርሃት ግን የእሱ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ጥቁር ለብሶ ይመጣል፣ ማንም ቀድሞ አይናገርም። ይህን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። እኛም እናውቅ ነበር፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ወደ ፀዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ባለች ቢሮ አምስት ሆነን እንሠራለን። ሥራችን ቨርቹዋል ሪያሊቲ ነው። መነጽሩን ዓይናችሁ ላይ ስታደርጉ የተቀመጣችሁበት ክፍል ይጠፋና ሌላ ቤት ውስጥ ትገኛላችሁ። ሌላ ከተማ ያለ ዘመዳችሁም በራሱ መነጽር ይገባል፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ታወራላችሁ። ሐሳቡን ያመጣው ሰውአገኝ ነበር። አባቱ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ላይ ሲያርፉ መንገድ ተዘግቶ ቀብራቸው ላይ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ እናቱ እማማ አምሳል ብቻቸውን ናቸው፤ ደም ግፊትም አለባቸው። የልጆቻቸው ነገር ደግሞ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዷ መተማ፣ እሱ ጎንደር። «እናቴ ልጆቿን አንድ ላይ የምታይበት ቤት እሠራለሁ» አለ። ሠራም።

ጠቡ የተነሳው ከሥራ አስኪያጃችን ከልዑልቃል ጋር ነው። ልዑልቃል ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያምር ነገር ሲያይ ግን ልቡ ይጠፋል። ከውጭ አንድ ውድ መነጽር አስመጣ። ያንን ያደረገ ሰው እጁን ሲያነሳ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲስቅ ጥርሱ ይታያል። «ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ማየት የሚፈልጉት ይህን ነው» ይላል። ሰውአገኝ ደግሞ ካርቶን ቀድዶ ሁለት ሌንስ ገጥሞ፣ ተራ ስልክ ከፊቱ ሰክቶ፣ በላስቲክ ከራስ ጋር የሚታሰር መነጽር ሠራ።

«ያንተን መነጽር ጃናሞራ ውስጥ ማን ሊገዛው ነው?» ይለዋል።

«ነገ ይረክሳል፤ ያኔ ሁሉም ይገዛዋል።»

«እናቴ ነገን መጠበቅ አለባት?»

እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ ምስሎቹን የምሠራው እኔ ነኝ። ለተራው ስልክ የሰውን ልብስና ቀለም እንዳለ ልጫን ካልኩ ስልኩ ይግልና ይቆማል። ስለዚህ ፊት ላይ አንዲት ትንሽ የመታወቂያ ፎቶ ለጠፍኩና ሌላውን ሰውነት በአንድ ቀለም ቀባሁት። ጥቁር ቀባሁት፤ ባትሪ ይቆጥባል ብዬ። አንድ ሰው ብቻውን በጥቁር ሲቆም ምንም አይመስልም። ስንሞክረው ደግሞ ሁሌም አንድ በአንድ ነበር።

በመጨረሻ ልዑልቃል አንድ ነገር ላይ ተስማማ። የሰውአገኝ ቤተሰብ በካርቶኑም በውዱም መነጽር አንድ ላይ ሲገናኝ ይቀረጽ፤ ቪዲዮውን ለእንግዶቹ ያሳያል። ሰውአገኝ ራሱ ውዱን መነጽር እንዲያደርግ ለመነው። ውዱን ያደረገ ሰው በተራ ስልክ እንዲታይ ግን ለብቻው ቀለል ያለ ምስል ሊሠራለት ይገባል። ያ ሥራ የእኔ ነበር። «እስከ ሐሙስ ይደርሳል» ብዬ ነበር፤ ሐሙስ ደረሰ፣ እኔ አልደረስኩም። ለማንም አልነገርኩም። ትንሽ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ ጭራሹን ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም።

ሰዓቱን ንጋት አሥራ ሁለት ያደረግነው መካነ ብርሃን ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ሰው ሳይነሳ ስለሆነ ነው። ጎረቤታቸው እናኑ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ አስገብታ ለእማማ አምሳል አሰረችላቸው፣ ማዳመጫውንም ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ሦስቱ ልጆች በየስልካቸው ገብተው ተደርድረው ተቀመጡ። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ለተራው ስልክ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው የምናሳልፈው፤ የሌሎቹ ተራ እስኪደርስ ይዘጋል። መጀመሪያ የሚያልፈው የሰውአገኝ ነበር።

«እማ! እኔ ነኝ፣ ሰውአገኝ። ታዪኛለሽ?»

በእኛ በኩል የእማማ አምሳል ምስል ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲያዞር ይታየናል።

«እማ፣ ምነው ዝም አልሽ? ፊት ለፊትሽ ነኝ እኮ።»

ያን ጊዜ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ለቅሶ ቤት እንጂ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። «ልጄን! ልጄን!» አሉ፤ ምስላቸው ተንገዳግዶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጥቂት ተኝቶ ቆየና ጠፋ።

ሰውአገኝ መነጽሩን ከራሱ ላይ መንጭቆ አወለቀ። እኔ መሞከሪያውን ተራ ስልክ አንስቼ ገባሁ፤ እሳቸው ያዩትን አየሁ። ሦስት ልጆች በንጋት ጥቁር ለብሰው ተደርድረዋል። ማንም አይናገርም፣ ማንም በማይስቅበት የመታወቂያ ፎቶ ያፈጥጣሉ። አራተኛው መቀመጫ ባዶ ነው፤ ከባዶው መቀመጫ የአራተኛው ልጅ ድምፅ ይጣራል። ስልኩን ለሰውአገኝ ሰጠሁት። አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እናቴ እኔን ሞቷል ብላለች» አለ።

እናኑ ጋ ደወልን፣ አይጠራም። ጎረቤት ጋ፣ ወረዳው ጋ፣ የምናውቀው ሰው ሁሉ ጋ ደወልን። የመካነ ብርሃን ኔትወርክ ጠፍቷል። ሰውአገኝ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች እየመላለሰ ሲደውል ዋለ። መንገዱም በዚያን ቀን ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ ሲከፈት አብሬው ወጣሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ቢሮ ተቀምጬ መጠበቅ አልቻልኩም።

ደባርቅ አድረን በሦስተኛው ቀን እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ተሳፈርን። ጨነቅ የምትባለውን ቦታ አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ይነዳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰውአገኝ «አውርዱኝ» ይል ነበር። ያን ቀን ገደሉን ዞር ብሎም አላየው።

«ሰብለ» አለኝ። «ሞታ ከሆነስ? እኔን ብላ ሞታ ከሆነስ?»

ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ መድኃኒቱን እሱ እየደወለ «ዋጥሽ ወይ?» ካላላቸው እንደሚረሱት አውቃለሁ። ሦስት ቀን ደውሎ አላገኛቸውም። እኔም ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁንም አልወጣልኝም።

ከመኪናው ወርደን ወደ ቤታቸው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሰውአገኝን ሲያዩ አማተቡና በትራቸውን ይዘው ወደኋላ ሸሹ። የአባቱ ወንድም አያ ሐብተ ማርያም ናቸው።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም! እናቴስ? እናቴ አለች?»

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ክንዱን ጨበጡት። ደጋግመው ጨበጡት። «አለች። ያውም ካለች! እህል አልቀመሰች፣ ዛሬ ሠልስትህ ነው።» እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ስማኝ ልጄ፣ እንዲህ ብለህ ብቅ እንዳትል። ደስታም እንደ መርዶ ነው፤ በድንገት ከመጣ ይገላል። እኔ ቀድሜ ገብቼ ቀስ አድርጌ ልንገራት። እስክጠራህ ከአጥሩ ጀርባ ቆይ፣ ድምፅህንም አታሰማ።»

ከአጥሩ ጀርባ ቆምን። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሰውአገኝ ተመርቆ የተነሳው ፎቶና አሮጌ ኮቱ አልጋ ላይ ተዘርግተው ሴቶች ከበዋቸዋል። አያ ሐብተ ማርያም በሕዝቡ መሐል እየተጋፉ ይሄዳሉ። እማማ አምሳል ድምፃቸው ተዘግቷል፤ በዚያ በተዘጋ ድምፅ «ልጄ ጠራኝ፣ ታዪኛለሽ አለኝ፣ እኔ ዓይኔ ታውሮ አጣሁት» ይላሉ። ደረታቸውን ይመታሉ። ሽማግሌው ገና አልደረሱም። የሰውአገኝን እጅ ያዝኩት፤ «ትንሽ ታገሥ» አልኩት። እሱ ግን እናቱ ወደ መሬት ሲዘነበሉ አየ።

«እማ!» ብሎ ጮኸ።

እማማ አምሳል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ያዙና ወደ አልጋው ሥር ሸሹ።

«ደግሞ መጣ» አሉ። «ደግሞ መጣ፣ አባታችን ሆይ በሉልኝ!»

ሰውአገኝ አጥሩን ዘሎ ገባ። ሕዝቡ እየሸሸ መንገድ ለቀቀለት፤ አንድም ሰው ሊነካው አልደፈረም። እናቱ ፊት ተንበረከከ። ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ የሚያስፈራቸው ድምፁ እንደሆነ ገብቶታል። ከጆሯቸው ላይ አንድ እጃቸውን አላቅቆ ጉንጩ ላይ አደረገው። እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም። ጣታቸው ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጺሙን ዳሰሰ። አንገቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እዚያ ብዙ ቆየ።

«ይሞቃል» አሉ።

ሰውአገኝ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ድምፁን ላለማሰማት ከንፈሩን እየነከሰ።

«ኑ ንኩት» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ለለቅሶ ለመጣው ሰው። «እኔ ዓይኔን አላምነውም። እናንተም ንኩትና ይሞቃል በሉኝ።»

መጀመሪያ የተጠጋ ሰው አልነበረም። ኋላ ሁለት ሴቶች ፈራ ተባ እያሉ መጡ፣ ትከሻውን ነኩት፣ «ይሞቃል» አሉ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። እኔም በተራዬ ገብቼ ነካሁት። እማማ አምሳል ዓይናቸውን የገለጡት ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ነክቶት ካበቃ በኋላ ነው።