ስድስት ደቂቃ ምስጋና

ሐሙስ ጠዋት እዚህ ውጭ አገር፣ ኦርሊኮን ሰፈር ያለው የነርሲንግ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ደሜ ፈላ... እስካሁን አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ለማስተማር ያለው እውቅና የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ድሮ ገምጋሚዎች መጥተው ተማሪውን ፊት ለፊት ያነጋግሩ ነበር አሉ። ዘንድሮ ግን ታብሌት ፊት አስቀመጡንና «በፈለጋችሁት ቋንቋ ተናገሩ፣ ኤአይ የሚባለው ማሽን ሰምቶ ሪፖርት ያደርጋል» አሉን። እኔና ጓደኛዬ ሐና ደስ ብሎን በአማርኛ ለቀቅነው።

የምንናገረው ቀልድ አልነበረም። ሆስፒታል ልምምድ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ አስተማሪ ጥለውናል። አንድ ቀን ሐና ኢንሱሊን ልትወጋ ይዛ መድኃኒቱ የማይገባት በሽተኛ አልጋ ጋ ደርሳ ነበር። ያስቆመቻት ራሷ በሽተኛዋ ናት፤ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ስኳር የለብኝም» ብላ። ከዚያ ወዲህ ሐና መርፌ ከመያዟ በፊት የበሽተኛውን ስም ሦስቴ ትጠይቃለች።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ገምጋሚዎቹና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ባሉበት ሪፖርቱ አዳራሹ ስክሪን ላይ ወጣ። «ልምምድ ላይ ያሉት ሁለቱ ተማሪዎች በትምህርቱ እጅግ ረክተዋል። የአስተማሪ ቁጥርን በተመለከተ ቀላል አስተያየት አላቸው።»

ቀላል!

እጄን አወጣሁ። «ይሄ እኛ ያልነው አይደለም!»

ዋና ገምጋሚዋ ሸበቶ ሴትዮ ናቸው። ላፕቶፓቸውን አየት አደረጉና «ሰባት ደቂቃ ተናግራችኋል፤ ስድስቱ ምስጋና ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው! ያ የማይለቀን ይሉኝታ... «አስተማሪዎቻችን ደክመውልናል፣ የትምህርት ቤቱ ውለታ ብዙ ነው» እያልን ስንሽቆጠቆጥ ቆይተን ነው መጨረሻ ላይ «ግን አንዲት ነገር...» ያልነው። ሀበሻ ቢሆን ጆሮውን የሚያቆመው ከ«ግን» በኋላ ነበር። ያ ደንቆሮ ማሽን ግን ደቂቃ ቆጠረ። ለዚህ ነው እንግዲህ የሰው ነፍስ አደራ የሰጡት!

ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ «ቅሬታ ካለ ይነገር» አለ። ፈገግታው አንጀቴን አሳረረው።

ሐናን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ንገሪያቸው!» አልኳት። ተነሳች... ጉሮሮዋን ጠራረገች...

«በመጀመሪያ ስለተሰጠን ዕድል ከልብ እናመሰግናለን...»

እግሯን ረገጥኩት። ብድግ አልኩና በጀርመንኛ ጮህኩ። «አስተማሪ አልነበረም! ሐና ኢንሱሊን ለማይገባው ሰው ልትወጋ ነበር! ሰው ሊሞት ነበር!»

ሴትዮዋ ላፕቶፑን ከደኑና እስክሪብቶ አወጡ። ወደ ሐና ዞረው «የትኛው ዎርድ ላይ ነው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሏት። እያለቀሰች ነገረቻቸው። ሁሉንም በእጃቸው ጻፉት።

እውቅናው ይታደስ አይታደስ ገና አልታወቀም። ሰኞ ግን ዎርዳችን ውስጥ አስተማሪ ቆማ አገኘናት። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ሰላም አይለኝም።

ግድ የለም... እኔም ከእንግዲህ ሰላምታ የምሰጠው አቤቱታዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው።