ጫማችሁን አታውልቁ

ስንት በጋ አለፈ፤ የሴትዮዋን ስም ግን ዛሬም አላውቅም። ከባለቤቴ ከሶልቬይ ጋር በሸራ ጀልባችን የኖርዌይን ደቡብ ዳርቻ ይዘን ስንወርድ፣ አመሻሽ ላይ የደረስንባት ትንሽ የጀልባ ማረፊያ ሞልታ ነበር። "ኑ፣ ከእኔ ጎን እሰሩ" ብለው ገመዳችንን የቀለቡልን እሳቸው ናቸው።

እጅጌው የተጠቀለለ ሰፊ የወንድ ሹራብ ለብሰዋል። የእንጨት ጀልባቸው ገመድ ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ ስለኖረ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ወደ የብስ ለመውጣት በእሳቸው ጀልባ ላይ መሻገር ነበረብን። በሰው ጀልባ ላይ ሲያልፉ ደግሞ ጫማ አውልቆ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው። ልናወልቅ ጎንበስ ስንል፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ ቅርፊት መላጡን ሳያቋርጡ፣

"ጫማችሁን አታውልቁ ልጆቼ" አሉ። "ኮቴ እወዳለሁ።"

"እንግዲያማ ቀንቶዎታል" አለች ሶልቬይ፤ "የኔ ባል እንደ በሬ ነው የሚረግጠው።"

"የኔውም እንደዚያው ነበር። እታች ከጀልባው ጓዳ ሆኜ ኮቴውን ስሰማ ነበር ድንቹን የምጥደው።"



በማግስቱ ማልደን ልንሄድ ተነሣን። የብስ ላይ ያሰርነውን ገመድ ለመፍታት፣ እንደ ልማዴ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ጣት ተሻገርኩ። የብስ ላይ ከወረድኩ በኋላ ነው ነገራቸው ትዝ ያለኝ። ቁጭ ብዬ ጫማዬን አደረግሁና ክሩን አጠበቅሁ። ገመዱን ፈታሁ። ከዚያ በጀልባቸው ላይ እንደ በሬ እየረገጥኩ ተመለስኩ።

ከእግሬ ሥር ድስት ሲጣድ ሰማሁ።